ስላግ ለመተኮስ የትኛው ቾክ ነው ሚሻለው? 12 ጌጅ፣ ለአጋዘን፣ ኦሃዮ

ጎሹ_ኦሃዮ

ሰላም ለሁላችሁም እንዴት ናችሁ። አደን ምትወጡ ወንድሞችና እህቶች እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ምኖረው ኮለምበስ አካባቢ ነው። አምና የሃንተር ኤጁኬሽን ኮርሱን ጨረስኩ፣ ዘንድሮ ላይሰንስ አወጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ በዲር ገን ዊክ (አጋዘን በጠመንጃ ሚታደንበት ሳምንት) ልወጣ ነው፣ ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ሰኞ ሚጀምረው። አብሮኝ ሚሰራ ሰውዬ ከከተማ ወጣ ብሎ እርሻ አለው፣ በቆሎና አኩሪ አተር፣ ጀርባው ላይ ትንሽ ጫካ አለ፣ ፈቃዱን በፅሁፍ ሰጥቶኛል። ጠመንጃዬ ያገለገለ ፓምፕ ሾትጋን ነው፣ 12 ጌጅ (ጌጅ የበርሜሉ ውስጥ ስፋት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል)፣ በርሜሉ 28 ኢንች፣ ውስጡ ለስላሳ ነው ሪፍሊንግ (ጥይቱን ሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ) የለውም፣ ማነጣጠሪያው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው የስንዴ ፍሬ ምታክል ነጥብ ብቻ ናት። ከሱ ጋር ሦስት ቾክ (አፈሙዙ ላይ ሚገጠም መጥበቢያ) መጣልኝ፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር፣ ሞዲፋይድ እና ፉል።

ጥይት ስገዛ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ "ፉሉን ግጠም፣ ጠባብ ስለሆነ አይበትንም፣ ቀጥ ብሎ ነው ሚሄደው" አለኝ። እኔም እውነት መስሎኝ ገጠምኩ። ሁለት ዓይነት ስላግ (እንደ ጠጠር ሳይሆን አንድ ወፍራም እርሳስ ብቻ ሚተኩስ የሾትጋን ጥይት) ሰጠኝ፣ አንዱ ተራው ሪፍልድ ስላግ ሚባለው፣ አንዱ ደሞ ሳቦት ሚባለው በጣም ውዱ፣ "ይሄ 150 ያርድ ይሄድልሃል" ብሎ።

ቅዳሜ ሬንጅ (ተኩስ መለማመጃ) ሄጄ 50 ያርድ ላይ ወረቀት ሰቀልኩ። በፉል ቾክ አምስት ተራ ስላግ ተኮስኩ፣ አንዱ ግራ ከላይ፣ አንዱ ቀኝ ከታች፣ ሁለቱ ጠርዝ ላይ፣ አምስተኛው ጭራሽ ወረቀቱን አላገኘውም። ሳቦቱ ከዚህም የባሰ ሆነ። አንደኛው ቀዳዳ ክብ እንኳን አይደለም፣ ቁልቁል ረዘም ብሎ የቁልፍ ቀዳዳ ነው ሚመስለው። ትከሻዬ በልዟል፣ ሚስቴ አይታው ደንግጣለች።

አባቴ ጎጃም እያለ ምንሽር ነበረው፣ ቾክ ሚባል ነገር ሰምቼም አላውቅም፣ አነጣጥረህ ቃታ መሳብ ነው። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይለኝ ነበር፣ አውሬ አቁስለህ ጥለህ ከመጣህ እራትህን አትብላ፣ ሂድና ፈልገው። እና በዚህ ሁኔታ እርሻው ውስጥ ገብቼ አንዲት ፍጥረት ሆዷን መትቼ ጫካ ለጫካ ስትሰቃይ እንድታድር አልፈልግም። ቾኩ ነው? ጥይቱ ነው? እኔ ነኝ? ፉል ላይ ስላግ መተኮስስ አደጋ የለውም ወይ? ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ።


እህተ_ማርያም_ሚኒሶታ

ኢምፕሩቭድ ሲሊንደሩን ግጠም ወንድሜ። ሳቦቱን ያልከፈትከው ፓኬት ካለ ለሌላ ሰው ሽጠው፣ ላንተ በርሜል አልተሰራም። ተራውን ሪፍልድ ስላግ ሁለት ሦስት ዓይነት ግዛና ሞክር። መጀመሪያ 25 ያርድ ላይ ጀምር፣ ከዛ ወደ 50።

ሱቅ ላይ ያለው ልጅ ስለ ዳክዬና ቱርክ (የዱር ወፏ) አደን ነው ያወራህ፣ ስለ ስላግ አይደለም።


ጋሼ_ጥላሁን

ጎሹ ልጄ በመጀመሪያ እንኳን ጠየቅክ። ሳይጠይቁ ወጥተው በየዓመቱ ያቆሰሉትን ትተው ሚመጡ ብዙ አሉ። እኔ እዚህ አገር 26 ዓመት አድኛለሁ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ቾክ ማለት የበርሜሉ ጫፍ ላይ ያለ መጥበቢያ ነው። የ12 ጌጅ በርሜል ውስጡ 0.729 ኢንች ነው። ሲሊንደር ሚባለው ምንም አያጠብም፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ወደ 10 ሺኛ ኢንች ያጠባል፣ ሞዲፋይድ ወደ 20 ሺኛ፣ ፉል ከ35 እስከ 40 ሺኛ። ይሄ ሁሉ የተፈለሰፈው ለምንድን ነው፣ ብዙ ትናንሽ ጠጠር ባንዴ ስትተኩስ ቶሎ እንዳይበታተን ነው። ለምሳሌ 40 ያርድ ላይ 30 ኢንች ስፋት ያለው ክብ ብትሰራ ሲሊንደር ከጠጠሩ 40 በመቶውን እዛ ክብ ውስጥ ያስገባልሃል ይባላል፣ ፉል ደሞ 70 በመቶውን። ለዳክዬ ትልቅ ልዩነት ነው።

ስላግ ግን አንድ ነው። አንድ ወፍራም እርሳስ፣ ባብዛኛው አንድ አውንስ፣ 28 ግራም ገደማ። ሚበተን ነገር የለውም እኮ። ስለዚህ "ጠባብ ስለሆነ አይበትንም" ያለህ ልጅ ምንም አልነገረህም። ቾኩ ለስላግ ሚያደርገው ነገር ቢኖር በመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ይዞ መጭመቅ ነው። ለስላሳው እርሳስ በዛ ፍጥነት ሲጨመቅ ሁልጊዜ እኩል አይጨመቅም፣ አንዱ ትንሽ ወደ ግራ ተጣሞ ይወጣል አንዱ ወደ ቀኝ፣ ያንተ ወረቀት ላይ ያየኸው እሱን ነው።

ደሞ አንድ ነገር ላሳይህ። ከተራው ስላግ አንድ ፍሬ ውሰድና የቀለሃውን አፍ ተመልከት፣ አንዳንዱ ላይ እርሳሱ ራሱ ይታያል። ጎኑ ላይ ሰያፍ ሰያፍ ሸንተረሮች አሉት። ብዙ ሰው ይሄ ሸንተረር በአየር ላይ ያሽከረክረዋል ብሎ ያምናል፣ እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበር ማምነው። ዋናው ስራው ሌላ ነው፣ ስላጉ ቾክ ውስጥ ሲያልፍ ሸንተረሩ ተጨምቆ ቦታ እንዲለቅለት ነው። ቀጥ አርጎ ሚወስደው ቅርፁ ነው፣ ፊቱ ወፍራምና ከባድ፣ ኋላው ባዶ። ልጅ ሆነን ካልሲ ጫፍ ውስጥ ድንጋይ ከተን ስንወረውር ድንጋዩ ሁሌ ፊት ፊት ይሄድ ካልሲው ከኋላ ይከተለው አልነበር? እንደዛ ነው። ይሄን ቅርፅ ካርል ፎስተር ሚባል አሜሪካዊ ነው እ.ኤ.አ. በ1931 የሰራው፣ ለዚህ ነው ፎስተር ስላግ ሚሉት። የተሰራው እንዳንተው ላለ ለስላሳ በርሜል ነው።

ሳቦቱ ሌላ ነገር ነው። ጥይቱ ቀጭን ነው፣ ፕላስቲክ ልብስ ለብሶ ነው ሚወጣው፣ ሪፍሊንግ ያለው በርሜል ፕላስቲኩን ይዞ እያሽከረከረ ያስወጣዋል፣ ከወጣ በኋላ ፕላስቲኩ ይወድቃል ጥይቱ እየተሽከረከረ ይሄዳል። ሪፍሊንግ ከሌለህ ሽክርክሪት የለም፣ ሽክርክሪት ከሌለ ቀጭኑ ጥይት በአየር ላይ ይገለባበጣል። ያ የቁልፍ ቀዳዳ ያልከው ጥይቱ በጎኑ ወረቀቱን ሲመታው ነው። ጠመንጃህ ምንም አልሆነም፣ አንተም አልተሳሳትክም፣ የተሳሳተ ጥይት ነው የተሰጠህ። 150 ያርድ ሚባለውም ሪፍልድ በርሜልና ስኮፕ ላለው ነው።

የፉሉን አደጋ በተመለከተ፣ የታወቁት ፋብሪካዎች ሚሰሩት ፎስተር ስላግ በፉልም ቢያልፍ እንዲጨመቅ ተደርጎ ነው የተሰራው፣ ስለዚህ አምስቱን ተኩሰህ በርሜልህ ይፈነዳ ነበር ብለህ አትደንግጥ። ከፉልም የጠበበ ለቱርክ አደን ሚሸጥ ኤክስትራ ፉል ሚሉት አለ፣ በሱ ውስጥ ስላግ በጭራሽ በጭራሽ እንዳትሞክር። ለማንኛውም የጠመንጃህን ማኑዋልና የጥይቱን ካርቶን አንብብ፣ እዛ ላይ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው።


ካሳሁን_ኢንዲያና

ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው ግን አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልከራከር። ሁሉም ሰው ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ይላል፣ የኔ ጠመንጃ ግን ሞዲፋይድ ላይ ነው ሚያምረው። ሦስት ዓመት ሙሉ ኢምፕሩቭድ ላይ ስታገል ቆይቼ አንድ ቀን ረስቼው የጥንቸሉ ሞዲፋይድ እንደተገጠመ ተኮስኩበት፣ 50 ያርድ ላይ ሦስቱ ቀዳዳ በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ይሸፈን ነበር። ኢምፕሩቭዱን መልሼ ስገጥም ደሞ ወደ ስድስት ሰባት ኢንች ተበተነ። ደጋግሜ አረጋገጥኩት።

ለምን ብዬ አንድ ጠመንጃ ሰሪ ጠየኩት፣ አንዳንድ ፋብሪካ በርሜሉን ትንሽ ሰፋ አርጎ ነው ሚሰራው፣ ስላጉ ውስጡ ላላ ብሎ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ሚይዘው ነገር ሲያገኝ ይሻለዋል አለኝ። ቾኩ ላይ የተፃፈው ስም ስም ነው፣ ሁለት ፋብሪካ ሞዲፋይድ ብለው ሚፅፉት በልክ አንድ አይደለም። ስለዚህ ጎሹ ሁለቱንም ሞክር፣ ወረቀቱን እመን።


ጋሼ_ጥላሁን

ካሳሁን እሱ እውነት ነው አልክድህም። ከኢምፕሩቭድ ጀምር ማለት እዛው ቅር ማለት አይደለም። ብዙ ጠመንጃ ላይ ሚሰራው እሱ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ሞዲፋይድን። ፉሉን ግን ለቱርክ አስቀምጠው።


ጎሹ_ኦሃዮ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አሁን ነው የገባኝ። ካሳሁን አንተም እህቴም አመሰግናለሁ። የካልሲው ድንጋይ ደሞ ልቤን ነው የነካኝ፣ እኛም ሰፈር እንደዛ እንወረውር ነበር።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንደኛ ሪፍልድ ቾክ ሚባል አየሁ፣ ቾኩ ራሱ ውስጡ ሪፍሊንግ ያለው፣ እሱን ብገዛ ሳቦቶቹን መጠቀም እችላለሁ? አንድ ፓኬት ሙሉ ቀርቶኛል። ሁለተኛ ቾኮቹ ላይ ፅሁፍ የለም፣ ጠርዛቸው ላይ የተፋቀ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ አንዱ አንድ ጭረት፣ አንዱ ሦስት፣ አንዱ አራት። እኔ የሻጩን ቃል ይዤ ነው የገጠምኩት።


እህተ_ማርያም_ሚኒሶታ

ጭረቱ ቁጥሩ ነው። ባብዛኛው ፋብሪካ አንድ ጭረት ፉል፣ ሦስት ሞዲፋይድ፣ አራት ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር፣ አምስት ከሆነ ሲሊንደር ነው። ጭረቱ ሲበዛ ቾኩ ሰፊ ነው ብለህ ያዘው። ሁሉም ፋብሪካ ግን እንደዛ አያደርግም፣ ስለዚህ የጠመንጃህን ማኑዋል ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ አረጋግጥ።

ሌላ ደሞ ስላግ በጣም ስለሚራገጥ ቾኩ በንዝረት ይላላል። እኔ ሁለተኛው ዓመቴ ላይ ስድስት ሰባት ተኩሼ ሳየው ቾኩ አንድ ሙሉ ዙር ተፈቶ ጠርዙ ወጣ ብሎ ነበር፣ ደሜ ነው የቀዘቀዘው። ከዛ በኋላ በየሦስት ጥይቱ ጠመንጃውን ባዶ አርጌ፣ ጥይት ቤቱን ከፍቼ በዓይኔም በጣቴም አይቼ፣ ከዛ ቾኩን በቁልፉ አጥብቄ ነው ምቀጥለው። ቾክ ሳትገጥምም እንዳትተኩስ፣ የበርሜሉ ጥርስ ይበላሽብሃል፣ ከዛ በኋላ ምንም ቾክ አይገባልህም። ስትገጥም ጥርሱ ላይ ስስ ቅባት ቀባ አርግበት።


ጋሼ_ጥላሁን

ሪፍልድ ቾኩ ይሰራል ግን አትጠብቅበት። ርዝመቱ ሁለት ሦስት ኢንች ነው። ስላጉ 26 ኢንች ያህል ሳይሽከረከር እየበረረ መጥቶ መጨረሻ ላይ በዛች አጭር ቦታ ባንዴ ተሽከርከር ሲባል ሳቦቱ ይንሸራተታል። አንዳንድ ጠመንጃ ላይ ቆንጆ ይተኩሳል፣ አንዳንዱ ላይ ብር ማባከን ነው። ሳቦት ልጠቀም ካልክ ትክክለኛው መንገድ ሙሉ ሪፍልድ በርሜል መግዛት ነው፣ ላንተ ዓይነት ፓምፕ ለብቻው ይሸጣል፣ ፈትተህ ትቀይረዋለህ። ያኔ ደሞ ተራውን ፎስተር በሱ አትተኩስ፣ ለስላሳው እርሳስ ሪፍሊንጉ ውስጥ ይለጠፍና ስታፀዳ ትውላለህ።

ዘንድሮ ግን ምንም አትግዛ። 50 ያርድ ላይ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደርና ፎስተር ይበቃሃል። የአጋዘን ልብና ሳምባ ያለበት ቦታ ወደ ስምንት ኢንች ስፋት አለው፣ መካከለኛ ሳህን በለው። ስላግህ ሁሌ እዛ ሳህን ውስጥ ሚያርፍበት ርቀት የት ድረስ እንደሆነ ወረቀት ላይ አግኘው፣ 40 ያርድ ከሆነ 40 ነው፣ 60 ከሆነ 60። ከዛ ያለፈውን ሲሄድ እያየህ ትለቀዋለህ። ስላግ ቶሎ ነው ሚደክመው፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ወደ 1600 ጫማ ይሄዳል፣ 100 ያርድ ሲደርስ ወደ 1000 ይወርዳል፣ እየወረደም ነው ሚሄደው።


በረሃ_ገስት_ባቫሪያ

ከጀርመን ነው ምፅፈው፣ እዚህም ሀበሻ አዳኝ አለ ለማለት ያህል። እኔ የአደን ፈተናውን ለማለፍ አንድ ዓመት ነው የፈጀብኝ፣ ፅሁፍ አለው የቃል አለው ተኩስ አለው።

ብሬነከ ሚባለውን ስላግ ማንም አላነሳውም፣ እኔ ላንሳው። ቪልሄልም ብሬነከ እ.ኤ.አ. በ1898 ነው የሰራው፣ ከፎስተሩ ይቀድማል። ልዩነቱ ኋላው ባዶ አይደለም፣ ድፍን ጠንካራ እርሳስ ነው፣ ከኋላው ደሞ ዋዱ (ከባሩዱ ሚለየው መሰኪያ) በቡሎን ተያይዞ አብሮ ይበራል፣ እሱ ነው እንደ ጭራ ሆኖ ቀጥ ሚያደርገው። ስጋ ውስጥ ገብቶ አይፈርስም፣ በጣም ጠልቆ ነው ሚገባው። እኛ ለዱር አሳማ ነው ምንጠቀመው፣ አደኑ ላይ ውሻ ገብቶ እያባረረ ሲያወጣቸው ከቅርብ፣ 20 ሜትር 30 ሜትር ላይ። አሳማውን እኔ አልበላም፣ ለገበሬው ነው ምተውለት፣ ግን አንድ ሌሊት ላይ የበቆሎ ማሳ ገልብጠው ሲያድሩ ብታዩ የገበሬው ሀዘን ይገባችኋል።

ለቾኩ ምክሬ ከናንተ ጋር አንድ ነው፣ ሰፊውን ተጠቀም። ጎሹ አንድ ፓኬት ብሬነከም ግዛና ሞክረው፣ አንዳንድ በርሜል ፎስተሩን ጠልቶ ብሬነከውን ይወዳል።


ጎሹ_ኦሃዮ

ተመልሼ መጣሁ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሬንጅ ነበርኩ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ።

አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ፣ ወፍራም ጃኬት ለብሼ ትከሻዬ ላይ ፎጣ አጥፌ ገባሁ። እያንዳንዱን ወረቀት ላይ በማርከር የቾኩንና የጥይቱን ስም ፃፍኩ፣ ካልፃፍክ በኋላ ይምታታብሃል። መጀመሪያ 25 ያርድ። ባለ አራት ጭረቱ፣ ኢምፕሩቭዱ ማለት ነው፣ ሦስቱም ቀዳዳ እየተነካኩ አረፉ፣ ባይኔ አይቼ አላመንኩም። እዛው ጠመንጃ፣ እዛው ሰው፣ ሳምንት ወረቀት ያልነካ።

50 ያርድ ላይ በኢምፕሩቭድ ሦስቱ በመዳፌ ይሸፈናሉ። በሞዲፋይድ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሦስተኛው ስድስት ኢንች ርቆ ሄደ፣ ደግሜ ብሞክርም እንደዛው። ካሳሁን ያንተና የኔ ጠመንጃ ተቃራኒ ናቸው ማለት ነው። ብሬነከው በኢምፕሩቭድ ጥሩ ነው ግን ከፎስተሩ ትንሽ ይሰፋል፣ ርግጫው ደሞ ይከብዳል። 75 ያርድ ላይ በፎስተሩ ሞከርኩ፣ አንዱ ከሳህኑ ወጣ፣ ስለዚህ የኔ ዳር ድንበር 55 ያርድ ነው ብዬ ወስኛለሁ።

አንድ የቀረኝ ችግር ሁሉም ጥይት ካነጣጠርኩበት አራት ኢንች ያህል ከፍ ብሎ ነው ሚያርፈው። ይሄንን በቾክ ማስተካከል ይቻላል?


ጋሼ_ጥላሁን

አይ ልጄ እሱ ቾክ አይደለም፣ ጉንጭህ ነው። ያ ጠመንጃ የፊት ነጥብ ብቻ ነው ያለው፣ የኋላ ማነጣጠሪያው ያንተ ዓይን ነው። ጉንጭህን ከሰደፉ ላይ ትንሽ ካነሳህ ዓይንህ ከፍ ይላል፣ ጥይቱም ከፍ ይላል። ርግጫውን ስለፈራህ ነው አንገትህን ምታነሳው፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የጀመርነው። እቤትህ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጠህ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ትከሻህ ላይ አንሳው፣ ጉንጭህን አሳርፍ፣ ከዛ ዓይንህን ግለጥ። ከነጥቧ ኋላ የበርሜሉ ጀርባ በሰፊው ከታየህ ጭንቅላትህ ከፍ ብሏል። ነጥቧ ብቻ በርሜሉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እስክትታይህ ድረስ በቀን ሀያ ጊዜ አድርገው። አንድ ሳምንት በቂ ነው።

ሌላ ዓመት ብር ካለህ ደሞ አጭር የስላግ በርሜል የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ ያለው ይሸጣል፣ እሱ ሁሉንም ነገር ያቀልልሃል።


ካሳሁን_ኢንዲያና

ጎሹ ኦሃዮ ላይ ለአጋዘን ስትወጣ ሾትጋኑ ከሦስት ጥይት በላይ መያዝ የለበትም፣ ማጋዚኑ ውስጥ ፕላጉ (ተጨማሪ ጥይት እንዳይገባ ሚከለክለው እንጨት ወይ ፕላስቲክ) መኖሩን አረጋግጥ። ያገለገለ ጠመንጃ ስትገዛ ብዙ ጊዜ አውጥተው ጥለውት ነው ሚሸጡልህ። ብርቱካናማውን ልብስ ደሞ ከላይ፣ ከጃኬቱ ውጪ።


ጎሹ_ኦሃዮ

ፕላጉ አልነበረውም!! ዛሬ ገዝቼ አስገባሁ፣ ሁለት ማጋዚን ውስጥ አንድ ጥይት ቤት ውስጥ፣ ከዛ በላይ አልቀበልም አለ። ካሳሁን ከቅጣት ነው ያዳንከኝ።


ጎሹ_ኦሃዮ

ቤተሰብ፣ ረቡዕ ጠዋት ተሳክቷል። ሰኞና ማክሰኞ ከርቀት ብዙ አየሁ፣ ማክሰኞ አንድ ትልቅ ቀንዳም በማሳው ማዶ አለፈ፣ 90 ያርድ ይሆናል፣ ጣቴን ከቃታው ውጪ አርጌ እያየሁት ሄደ፣ አልቆጨኝም። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ውርጩ ሳሩን አንጥፎት እያለ አንዲት ሴት አጋዘን ከጫካው ወጥታ ወደ በቆሎው ቆረቆንዳ መጣች። ቀድሜ በእርምጃ ለክቼው የነበረ ግንድ አጠገብ ቆመች፣ 40 ያርድ ነው። ጉንጬን ሰደፉ ላይ አሳረፍኩ፣ ጋሼ ድምፅዎ ነው ጆሮዬ ላይ የመጣው። 30 እርምጃ እንኳን አልሮጠችም። አጠገቧ ደርሼ በስመ አብ ብዬ እጄን ጎኗ ላይ አሳረፍኩ፣ ገና ትሞቅ ነበር። ለአባቴ ደወልኩለት፣ "ወዲያው ወደቀች?" ነው ያለኝ መጀመሪያ።

ማደኔን እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ሪፖርት ማድረግ ስላለብኝ እዛው በስልኬ ጨረስኩት። ስጋው ፍሪዘር ገብቷል፣ የነቢያት ፆም ውስጥ ስለሆንን እኛ ቤት እስከ ገና ማንም አይነካውም፣ ለእርሻው ባለቤት ግን ሁለት እግር ወስጄለታለሁ።


ሰላም_ከሲንሲናቲ

እንኳን ደስ አለህ ጎሹ! ዝምብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ልጠይቅ። እኔ ትከሻዬ 12ቱን ስለማይችለው 20 ጌጅ ልገዛ ነው፣ ባለቤቴ 12 አለው፣ አብረን ነው ምንወጣው። ለ20 ጌጅም ቾኩ ያው ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ነው?


እህተ_ማርያም_ሚኒሶታ

አዎ እህቴ ያው ነው፣ ከኢምፕሩቭድ ጀምሪ፣ ለስላሳ በርሜል ከሆነ ፎስተር ግዢ። ስላጉ ከ12ቱ ይቀላል እንጂ ለአጋዘን ይበቃል፣ እኔም 20 ነው ምይዘው። የባለቤትሽን ቾክ ግን መዋስ አትችዪም፣ አይገባም።

አብራችሁ ምትወጡ ከሆነ አደራ ጥይታችሁ እንዳይቀላቀል። የ20 ጥይት በስህተት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ አልፎ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ጥይት ቤቱ ባዶ ይመስላል፣ ሰውየው አልጎረስኩም ብሎ 12ቱን ከኋላው ካስገባና ከተኮሰ በርሜሉ ከእጁ ጋር ነው ሚፈነዳው። 20 ጌጅ ጥይት ቢጫ ሚሆነው ለዚህ ነው። አንቺ በቦርሳሽ እሱ በኪሱ፣ መኪና ውስጥም በአንድ ካርቶን አታስቀምጡት፣ ማታ ስትመለሱ ደሞ የጃኬታችሁን ኪስ በሙሉ አራግፉ።